ስኳር ያለበት ታዳጊ ምን ይብላ? «ምን አይብላ» ብቻውን የትም አያደርስም

አንድ ታዳጊ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለበት በታወቀ ማግስት ቤት ውስጥ የሚጀመረው ክልከላ ነው። ስኳሩ ከሻይ ይወጣል፣ ሙዙ ይደበቃል፣ እንጀራው ይገመሳል። «ድንች እንዳትቀምስ» የምትል አክስት፣ «እኔ የማውቀው ሰው ዳቦ ትቶ ነው የዳነው» የሚል ጎረቤት ይጨመርበታል። ሳምንት ሳይሞላ ልጁ የማይበላውን ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር መብላት እንዳለበት ግን ቁጭ አድርጎ ያስረዳው ሰው የለም፤ ቢኖርም ሆስፒታል ውስጥ ወረፋ እየጠበቀ ካለው ሕዝብ መሀል የተሰረቀች አምስት ደቂቃ ናት።

ክልከላው ከክፋት የመጣ አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ስኳር የአጎቱን ወይም የአያቱን፣ በሃምሳና በስድሳ ዓመት የመጣውን ዓይነት 2 ነው። ለእነሱ «ቀንሱ» ማለት ያስኬዳል። ሰውነታቸው ኢንሱሊን ያመርታል፤ ችግሩ የተመረተው በወጉ አለመሥራቱ ነውና ክብደት መቀነስ ይረዳቸዋል። የታዳጊው ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። የገዛ ሰውነቱ መከላከያ በቆሽቱ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት አጥፍቶበታል። ጣፋጭ ቢተውም ባይተውም ያለ መርፌ አይኖርም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ገና እያደገ ነው።

ታሪኩን ወደኋላ ሄዶ ማየት ይጠቅማል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1922 በፊት ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የነበረው ሕክምና ረሃብ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬደሪክ አለን ያስፋፋው መንገድ ምግብን እስከሚቻለው ድረስ መቀነስ፣ ዳቦና ስኳርን ፈጽሞ ማስቀረት፣ በዚያም ጥቂት ወራት ወይም ዓመታት መግዛት ነበር። በኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት የቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ልጅ ኤልሳቤጥ በ11 ዓመቷ ታማ ሦስት ዓመት በዚህ ሥርዓት ቆየች፤ ክብደቷ ወደ 20 ኪሎ ወረደ። በኦገስት 1922 ቶሮንቶ ሄዳ ከፍሬደሪክ ባንቲንግ እጅ ኢንሱሊን ስትጀምር፣ ሐኪሙ በቀን ከ2 ሺህ ካሎሪ በላይ እንድትበላ አዘዘላት። ዳቦ ተመለሰላት። 73 ዓመት ኖራ ነው የሞተችው። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ በዓለም የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምሰንም የ14 ዓመት ታዳጊ ነበር፤ ሆስፒታል ሲገባ 30 ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ኢንሱሊን የመጣው ልጆች እንዲበሉ ነው። በብዙ ቤት ዛሬም የሚሰጠው ምክር ግን ኢንሱሊን ካልተገኘበት ዘመን የተረፈ ይመስላል።

በኢትዮጵያ ይህ ምክር ከስህተትም አልፎ ጎጂ የሚሆንበት ቦታ አለ። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በገጠር ክሊኒኮች ለዓመታት የተከታተሏቸው ኢንሱሊን የሚወስዱ ሕሙማን ከመማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕል ጋር አልገጠሙም። ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፣ ቀጫጮች ናቸው፣ ከድሃ ገበሬ ቤት የወጡ ናቸው፤ ሕመሙ የያዛቸውም ከአውሮፓ ልጆች ዘግየት ብሎ ነው። በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም የሚባለው ፋይል እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 በምድቡ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ በ1999 አወጣው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ደግሞ በኤፕሪል 2025 ባንኮክ ባደረገው ጉባኤ «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ክርክሩ በባለሙያዎች መካከል አልተዘጋም። ለእኛ ጉዳይ ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ ስኳር ያለበት ታዳጊ ሁሉ የጠገበ ልጅ አይደለም። በልጅነቱ በቂ ሳይበላ ላደገ፣ አሁንም አጥንቱ ለሚቆጠር ልጅ «ምግብ ቀንስ» ማለት በሽታውን ማባስ ነው። እሱ የሚያስፈልገው እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሲገኝ ሥጋ ነው።

ምግብ እንደ ልብ በሚገኝበት አገርስ? በአሜሪካ «ሰርች» የተባለው ስኳር ያለባቸውን ልጆችና ወጣቶች የሚከታተል ትልቅ ጥናት በ2006 ያወጣው ውጤት የሚያስደነግጥ ነበር። የሚበሉት ጠንካራ ስብ ከሚመከረው ጣሪያ በታች የሆነላቸው 6.5 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። አትክልት፣ ፍራፍሬና አሰር (ፋይበር) ያለው እህልም ከግማሽ የሚበልጡት በሚመከረው መጠን አያገኙም። እነዚህ ልጆች ሐኪም አላቸው፣ የምግብ ባለሙያ አላቸው፣ ከስኳር እንዲጠነቀቁ ዘወትር ይነገራቸዋል። ከስኳር ሸሽተው ያረፉት አይብና ቋሊማ ላይ ነው። ትኩረቱ ሁሉ «ስኳር አለው ወይስ የለውም» የሚለው ላይ ሲሆን የምግቡ ጥራት ይረሳል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ዕድሜው ሲገፋ ለልብ ሕመም ከሌላው ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ማንኛውም የአመጋገብ ምክር መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ልጁ የሚወጋው የትኛውን ኢንሱሊን ነው?

በሀብታም አገር ያለ ታዳጊ በደቂቃዎች ውስጥ መሥራት የሚጀምር ፈጣን ኢንሱሊን አለው፤ ክንዱ ላይ የተለጠፈ መለኪያ ስኳሩን በየአምስት ደቂቃው ወደ ስልኩ ይልካል። ከጓደኞቹ ጋር ፒዛ ሊበላ ሲል ካርቦሃይድሬቱን በግራም ቆጥሮ መጠኑን ያሰላና ይወጋል። እዚያ መርፌው ምግቡን ይከተላል። እኛ ጋ በብዛት የሚታዘዘው ግን በጠርሙስ የሚመጣው ረዘም ላለ ሰዓት የሚሠራው ኤን ፒ ኤች እና አጠር ላለ ሰዓት የሚሠራው ሬጉላር፣ ወይም ሁለቱ የተቀላቀሉበት ነው፤ ጠዋትና ማታ ይወጋል። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ኤን ፒ ኤች ጉልበቱ የሚበረታው ከአራት ሰዓት በኋላ ጀምሮ ነው፤ ማለትም ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ አመሻሽ 11 ሰዓት ድረስ። ልጁ ራበውም አልራበው፣ ክፍል ውስጥ ይሁን ታክሲ ወረፋ ላይ፣ ኢንሱሊኑ ሥራውን ይሠራል። እዚህ ምግቡ ነው መርፌውን መከተል ያለበት።

ስለዚህ በእኛ ሁኔታ ጤናማ ልማድ ማለት ከሁሉ በፊት ሰዓት ማክበር ነው። ከኢንተርኔት የተገኘ የውጭ አገር የአመጋገብ መመሪያ ብዙ ጊዜ ይህን አይነግርም፤ የተጻፈው ለሌላ ኢንሱሊን ነዋ። ሬጉላር የሚወስድ ልጅ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይወጋል። ረፋድ ላይ መክሰስ ይቀምሳል። ምሳውን አያሳልፍም። ማታ የተወጋው ኤን ፒ ኤች ሌሊት ስለሚበረታ ሐኪሙ እንደሚነግረው ከመኝታ በፊት ትንሽ ነገር ይበላል። ቁርስና ራት ላይ የሚበላው የእህል መጠን ከቀን ቀን ብዙ ካልተለያየ ስኳሩም ብዙ አይዋዥቅም። ዛሬ ግማሽ እንጀራ፣ ነገ ሁለት እንጀራ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጦም ውሎ ማደር ከሆነ ሐኪሙ የትኛውን ቀን መሠረት አድርጎ መጠን ያዝዝለት?

እዚህ ላይ የማዕዳችን ባሕርይ ይመጣል። ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደበላ አያውቅም፤ ጉርሻም ይጨመርበታል። እናት የልጇን ሳህን አይታ «ይበቃሃል» ወይም «ጨምር» ማለት አትችልም፤ ሳህን የለማ። አንዳንድ ቤተሰብ ለልጁ ለብቻው ሳህን ያወጣለታል። ሳህኑ ግን ከማዕድ መለየት ሆኖ ይሰማዋል፤ በዚህ ዕድሜ መለየትን የመሰለ የሚከብድ ነገር የለም። ከዚህ የሚሻለው ምግብ ቤቶች እንደሚያደርጉት እንጀራውን ቆርጦ መጠቅለል ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱ ጥቅል ከፊቱ ይቀመጣል፣ ወጡ መሀል ላይ የጋራ ነው። አንድ ሙሉ የቤት እንጀራ እንደ ውፍረቱ ወደ 100 ግራም የሚጠጋ ካርቦሃይድሬት ሊይዝ ይችላል። አራት ቦታ ከተቆረጠ እያንዳንዱ ጥቅል 25 ግራም አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ልጁ ግራም መቁጠር አይጠበቅበትም፤ ጥቅል ይቁጠር። «በየምሳው ሦስት ጥቅል» የሚል ልጅ ለሐኪሙ እንጀራ በሚዛን መዝኖ ከሚመጣ ልጅ ያልተናነሰ ጥሩ መረጃ ይዞ መጥቷል።

ወጡ ላይ ስንመጣ እንደ እውነቱ ከሆነ ብዙ መኩሪያ አለን። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን በዓለም የትም አገር ያለ የምግብ ባለሙያ ለስኳር ሕመምተኛ የሚመክራቸው ናቸው፦ አሰር አላቸው፣ ፕሮቲን አላቸው፣ ስኳሩን ቀስ እያሉ ነው የሚለቁት። ጤፉም ቢሆን ብረትና አሰር ያለው እህል ነው። ነገር ግን «የጤፍ እንጀራ» የምንለው ራሱ ተለውጧል። የጤፍ ዋጋ ከተሰቀለ ወዲህ በብዙ ቤት ሩዝ ወይም በቆሎ ይቀላቀልበታል፤ ነጭና ለስላሳ ይሆናል፣ ስኳርንም ቶሎ ከፍ ያደርጋል። ሌላው ችግር እህልን በእህል መብላት ነው። ፓስታ በእንጀራ፣ ሩዝ በእንጀራ፣ ድንች ወጥ በእንጀራ፤ ርካሽና አጥጋቢ ስለሆነ የብዙ ቤት ምሳ ይኸው ነው። ፓስታውን መከልከል አያስፈልግም። ፓስታ በቀረበበት ቀን እንጀራው ይቅር፣ በምትኩ ጎመን ወይም ሰላጣ ይቅረብ።

ቁርስ ግን የደከመው ጎናችን ይመስለኛል። ነጭ ዳቦና ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ በሁለቱም በኩል ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ልጁ ይርበዋል። ቂንጬ፣ ፉል፣ የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ፣ ከማታ የተረፈ ሽሮ ፍትፍት ከዚህ ሁሉ ይሻላሉ፤ ፍትፍቱ ደግሞ ምንም አያስወጣም። በሶ በውሃና በጨው የተበጠበጠ ጥሩ ነው። ስኳር ገብቶበት በጠርሙስ የሚወሰደው በሶ ግን ሌላ መጠጥ ነው።

ፍራፍሬ ላይ የሚጣለው ማዕቀብ ምንም መሠረት የለውም። አንድ ብርቱካን፣ አንድ ትንሽ ሙዝ፣ አንድ ዘይቱን በመክሰስ ሰዓት መብላት ይቻላል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ጁስ ቤት ነው። አንድ ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ የሁለትና የሦስት ማንጎ ስኳር ያለ አሰሩ ነው፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሳይጠየቅ ሽሮፕ ይጨምርበታል። ለስላሳው ከዚህ ይብሳል። በ300 ሚሊ ሊትር የኮካ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ስኳር አለ፤ ወደ ስምንት የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንም ሰው የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። ዕለታዊ ምግቡ 2 ሺህ ካሎሪ ለሆነ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ስለሆነ አንድ ጠርሙስ ብቻውን ያልፈዋል። ሞቅ ያለ ድግስ ላይ ከእኩዮቹ ተለይቶ ባዶ እጁን መቀመጥ ለማይፈልግ ልጅ አምቦ ውሃ አለ፤ ጠርሙሱም ጠርሙስ ነው።

አሁን ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ እንቁም። ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ ችብስ፣ ብስኩት፣ እርጥብ፤ ከነዚህ መካከል ቆሎ የምትሸጥ እናት ካለች ዕድለኛ ሰፈር ነው። የ15 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር እዚያ ሲቆም የሚገዛው ቦምቦሊኖ ብቻ አይደለም፤ እዚያ መቆሙን ራሱን ነው። ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር የተከለከለበት ልጅ እዚያ ይበላል፣ ከዚያ ይደብቃል። የስኳር መለኪያው 300 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ሲያሳይ በደብተሩ ላይ 140 ብሎ ይጽፋል። ቁጣ የሚፈራ ልጅ ቁጥር ይፈጥራል። ሐኪሙ በደብተሩ አምኖ መጠን ሲወስን፣ የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው የኤ1ሲ ምርመራ ሲመጣ ቁጥሮቹ አይታረቁም። ያኔ ጥፋቱ በልጁ ላይ ይወድቃል።

አዋቂዎች አንድ ነገር ቢያውቁ ቁጣቸው ይበርድ ነበር፦ የጉርምስና ዕድሜ ራሱ ስኳርን ያስቸግራል። በዚያ ጊዜ የሚጎርፉት የእድገት ሆርሞኖች ኢንሱሊን በወጉ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ስለዚህ ትናንት በቂ የነበረ መጠን ዛሬ አይበቃም፤ በኪሎ ክብደት ሲሰላ ከልጅነቱ በእጅጉ ከፍ ያለ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ታዳጊ ብዙ ነው። በ1993 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ የስኳር ጥናት ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 39 የሆኑ 1,441 ሰዎችን ይዞ ነበር። ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የዓይን ጉዳትን ገና ባልጀመራቸው ሰዎች ላይ በ76 በመቶ እንደሚቀንስ ያሳየው እሱ ነው። በዚያ ጥናት ውስጥ ግን ታዳጊዎቹ ያን ሁሉ ክትትል እያገኙ፣ ኤ1ሲያቸው ከአዋቂዎቹ በአንድ ነጥብ ያህል ከፍ ብሎ ቀርቷል። እንግዲህ ስትሪፕ (የስኳር መለኪያ ወረቀት) በማይገኝበት ቤት ያለን ልጅ «ሰነፍ ነህ» ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ስኳር ሲወርድም የሚፈረድበት እሱ ነው። ከ70 በታች ሲሆን ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይነጫነጫል፣ የተጠየቀውን መመለስ ያቅተዋል። ምሳ በዘገየበት ቀን 7 ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ራሱን ጠረጴዛ ላይ የደፋ ተማሪ ለመምህሩ እንቅልፋም ነው። በዚህ ሰዓት የሚያስፈልገው ወደ 15 ግራም የሚጠጋ ቶሎ የሚሠራ ስኳር ነው፦ በውሃ የተበጠበጠ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፣ ካልተመለሰ መድገም፣ ሲመለስ ምግብ መብላት ይከተላል። ቸኮሌትና ብስኩት በዚህ ሰዓት አይረዱም፤ ስባቸው ያዘገያቸዋል። ራሱን ለሳተ ልጅ በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። ከኪሱ ከረሜላ የማይጠፋ ተማሪ በመምህሩ ፊት የሚበላበት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

ስለ ጾም ሳያነሱ በኢትዮጵያ ስለ ምግብ መጻፍ አይቻልም። የኦርቶዶክስ ጾም ሁለት ነገር አለው፤ አንዱ ከሥጋና ከወተት መከልከል፣ ሌላው እስከ ተወሰነ ሰዓት ምንም አለመቅመስ ነው። የመጀመሪያው ብዙ አያስቸግርም፤ የጾም ምግባችን በምስርና በጎመን የተሞላ ነው፣ ዘይቱ ካልበዛ። ሁለተኛው ግን ጠዋት ኤን ፒ ኤች ለተወጋ ልጅ አደገኛ ነው። ወላጆች የንስሐ አባትን ቢያማክሩ ለታመመ ልጅ ከሰዓቱ የሚፈታ መልስ እንደሚያገኙ አያጠራጥርም። በረመዳንም እንዲሁ፤ ቁርኣኑ ራሱ የታመመን ሰው ከጾሙ ግዴታ ያወጣዋል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሃይማኖቱ ጋ ሳይሆን ልጁ ጋ ነው፤ ጓደኞቹ እየጾሙ እሱ ምሳ ዕቃ መክፈት ያሳፍረዋልና ተወግቶ ይጾማል። ወይም ይባስ ብሎ ላለመብላት ሲል መርፌውን ይተወዋል። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲያቋርጥ ደሙ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ይመረዛል፤ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣን ትንፋሽ፣ ከዚያ ሰመመን። ጸበል ሄደው መርፌውን የተዉ ልጆች ሆስፒታል የሚደርሱት በዚህ ሁኔታ ነው። በኤችአይቪ ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረው የብዙ ሰው ሕይወት የተረፈበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሁሉ፣ ለኢንሱሊንም ያው ቃል እንደሚያስፈልግ ይገባዋል። ሽፈራውና አብሽም እንደዚያው ናቸው። አብሽ አሰር ያለው ጥሩ ምግብ ነው፤ ቆሽቱ ለደረቀ ልጅ ግን ኢንሱሊንን አይተካም።

እንቅስቃሴ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ለማንኛውም ታዳጊ የሚመከረው በቀን 60 ደቂቃ ነው፣ ስኳር ላለበትም ያው ነው። ኳስ የሚጫወት ልጅ ጡንቻው ስኳሩን ስለሚወስድለት ኢንሱሊኑ ይበልጥ ይሠራለታል። ውጤቱ እስከ ሌሊት ሊዘልቅ ስለሚችል ብዙ የተጫወተ ቀን ከመኝታ በፊት መለካትና መክሰስ መጨመር ያስፈልገዋል። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ እያስመለሰው ከሆነ ግን መሮጥ የለበትም። ሴቶች ልጆች ጋ ሲደርስ ነገሩ ይጠባል፤ ከትምህርት በኋላ ወንድሟ ሜዳ ሲወጣ እሷ ጓዳ ትገባለች፣ ክብደቷ በኢንሱሊኑ የጨመረ ሲመስላት ደግሞ መርፌውን የምትቀንስ አለች። ይህን ሐኪም ካልጠየቃት ራሷ አትናገረውም።

ውጭ አገር ያለው ወገናችንም ከዚህ ጉዳይ አልራቀም። ወደ እስራኤል የሄዱ ኢትዮጵያውያን ላይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተደረጉ ጥናቶች አገሩን ከለመዱ በኋላ የስኳር ሕመም በወጣቶቹ ላይ መታየቱን፣ ልጆቹ ላይም ዓይነት 1 ከቆይታ ጋር እየጨመረ መምጣቱን መዝግበዋል። በዋሽንግተን ወይም በሚኒሶታ ያደገ ታዳጊ ደግሞ በመለኪያና በኢንሱሊን ፓምፕ አይቸገርም፤ የሚቸገረው እናቱ የምትሠራውን እንጀራ የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ስለማታውቀው ነው። መጽሐፏ ላይ የዳቦ ቁራሽና የቶርቲያ ቁጥር አለ፣ የእንጀራ የለም። እዚያ ያለ ቤተሰብ እንጀራውን አንድ ቀን ኩሽና ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ፎቶ አንስቶ ይዞላት ቢሄድ ብዙ ሥራ ይቀላል።

እዚህ አገር ቤት ግን ቤተሰብ ብቻውን የማይፈታው ነገር ይቀራል። በ2012 ዓ.ም. (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጥን የታክሱ ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚሸጠውን ግን የሚያይ የለም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የተማሪዎች ምገባ ለብዙ ሺህ ልጆች ቁርስና ምሳ በሰዓቱ ያደርሳል። በሰዓቱ መሆኑ ብቻ ስኳር ላለበት ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ምገባው ለቅድመ መደበኛና ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ፣ ማለትም ሆርሞኑ በሚያስቸግርበት፣ ርቀቱ በሚጨምርበትና ጓደኛ ከእናት በሚበልጥበት ዓመት፣ ምሳው ወደ ራሱ ኪስ ይመለሳል።

አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ዛሬውኑ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። ስኳር ያለበትን ተማሪ የክፍል ኃላፊው መምህር እንዲያውቀው ማድረግ፣ 5 ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥም ቢሆን መክሰሱን እንዲበላ መፍቀድ፣ ለመወጋት መጸዳጃ ቤት እንዳይደበቅ አንዲት ንጹሕ ክፍል መስጠት፣ በቢሮ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ስኳር ማስቀመጥ። እነዚህ በጀት አይጠይቁም። ስትሪፕ ግን ይጠይቃል፤ አንድ ፓኮ 50 ፍሬ ይይዛል፣ በቀን አራት ጊዜ መለካት ላለበት ልጅ የ12 ቀን ተኩል ነው።